አሻጋሪ ፋይል፦ ቁጥርን ከነትርጉሙ ስለማሻገር

በሰሜን ሸዋ ጣርማ በር ወረዳ የቤተሰብ ጥናት ተካሄደ እንበል። መረጃው ደብረ ብርሃን ላይ ዊንዶውስ በተጫነበት ኮምፒውተር ተመዘገበ፤ በፍላሽ አዲስ አበባ ደረሰ፤ እዚያ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ባለው ማሽን ተከፈተ። የወረዳው ስም በሰፈረበት ዓምድ ላይ ግን «ጣር» የሚል ቃል ከአንድ የጥያቄ ምልክት ጋር ቁጭ ብሎ ተገኘ። ቫይረስ አይደለም፤ የመዝጋቢዋም ስህተት አይደለም። ፊደላችን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አቀማመጥ ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳል። «ጣርማ በር» አምስት ሆሄና አንድ ባዶ ቦታ ነውና 16 ባይት ይፈልጋል። ዓምዱ የላቲን ፊደል ታስቦ በ8 ባይት ተወስኖ ከነበረ ሁለት ሆሄ ሙሉ በሙሉ ይገባሉ፤ «ማ» ከሦስት ባይቷ ሁለቱን ብቻ ይዛ ትቆረጣለች። በሩ ይቀርና ጣሩ ይተርፋል።

እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳይደርስ ታስቦ የሚዘጋጀውን ፋይል የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሠሪዎች «ትራንስፖርት ፋይል» ወይም «ፖርታብል ፋይል» ይሉታል። በአማርኛ «አሻጋሪ ፋይል» ብንለው ይሻላል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወይም በአንድ ፕሮግራም ልማድ ላይ ሳይመረኮዝ፣ ቁጥሮቹን፣ የተለዋዋጮቹን ስምና መግለጫ እንዲሁም የኮዶቹን ፍቺ ይዞ ሌላ ማሽን ላይ የሚያደርስ ፋይል። «ተንቀሳቃሽ» እንዳንል ቃሉን ስልኩ ወስዶታል፤ «ተሻጋሪ»ን ደግሞ የሰዋስው መምህራን ለግስ ይዘውታል። ክረምት ወንዝ ሲሞላ መንገደኛውን ከነሸክሙ ወዲያ ማዶ የሚያደርሰው ሰው አሻጋሪ ይባላል፤ ከዚህ ፋይል የሚፈለገውም ሥራ ያው ነው።

ችግሩ ድሮ ከፊደልም በፊት በቁጥር ይጀምር ነበር። አንድ ባይት ከ255 በላይ ስለማይዝ ኮምፒውተር ቁጥርን በሁለት፣ በአራት ወይም በስምንት ባይት ያሰልፋል። ከሰልፉ ማን ይቅደም? የአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ የሰን ወርክስቴሽኖችና ወደ ኢንቴል ከመዛወራቸው በፊት የነበሩት ማኪንቶሾች ትልቁን ወገን ያስቀድማሉ፤ ኢንቴል ትንሹን ያስቀድማል። በሁለት ባይት የተጻፈ የ25 ዓመት ዕድሜ በአንደኛው ዘንድ 0 እና 25 ነው። ሌላኛው ማሽን ገልብጦ ካነበበው 25 ጊዜ 256፣ ማለትም 6,400 ይሆናል። ማቱሳላ እንኳ የተጻፈለት 969 ዓመት ነው። ዳኒ ኮኸን የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ በ1980 (ካልተገለጸ በቀር እዚህ ላይ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሁለቱ ወገኖች ስም ሲያወጣ ከጆናታን ስዊፍት «የጉሊቨር ጉዞዎች» ተውሷል፤ እዚያ ታሪክ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል በየትኛው ጫፉ ይሰበር በሚል ሁለት አገሮች ይዋጋሉ። ለኮምፒውተር ሰዎች ጠብ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ለዚህ ችግር ከተሰጡት ቀደምት መልሶች ሁለቱ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞቹ የሳስና የኤስፒኤስኤስ ናቸው፦ የሳስ ኤክስፒቲ ፋይልና የኤስፒኤስኤስ ፖር ፋይል። ኤክስፒቲ የትኛውም ማሽን ላይ ቢጻፍ ቁጥሩን በአይቢኤም ትልቅ ኮምፒውተር አቀማመጥ ያስቀምጣል። መዝገቡ በ80 በ80 ባይት ይከፈላል፤ ይህ ልክ ከጥንቱ ባለ ቀዳዳ ካርድ የመጣ ነው። ፖር ደግሞ ከነቁጥሩ በጽሑፍ ምልክት ነው የሚጻፈው። ሁለቱም አስተማማኝ ነበሩ፤ ዋጋ ግን ያስከፍሉ ነበር። የተለዋዋጭ ስም ከ8 ምልክት አያልፍም፤ የኤክስፒቲ መግለጫ ደግሞ በ40 ባይት ያበቃል፣ በእኛ ፊደል ይህ 13 ሆሄ ነው። ያም ሆኖ ኤክስፒቲ አልሞተም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመድኃኒት ሙከራ መረጃን እስካሁን በዚሁ ይቀበላል። ስታታ የተባለው ሌላው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ፋይል ሌላ መንገድ መረጠ። ባይቶቹ በየትኛው ሰልፍ እንደተጻፉ ፋይሉ ራሱ መግቢያው ላይ ይናገራል፤ አንባቢው ፕሮግራም አይቶ ያስተካክላል። ስለዚህ አንድ የስታታ ፋይል በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ያለ ልወጣ ይከፈታል። ዛሬ ደግሞ በየቢሮው ያሉት ላፕቶፖችና ታብሌቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ትንሹን ያስቀድማሉ። የማሽኖቹ ጠብ በርዷል ማለት ይቻላል።

የእኛ መረጃ ግን አሁንም መንገድ ላይ ይጎዳል። አንደኛው ምክንያት ፊደል ነው። የ«ጣ» ሦስት ባይቶች 225፣ 140 እና 163 ናቸው። የምዕራብ አውሮፓን የዊንዶውስ ሠንጠረዥ የሚከተል ፕሮግራም እነዚህን ሲያገኝ ባለ ጭረት ላቲን «አ»ን፣ ተጣብቀው የተጻፉ «ኦ» እና «ኢ»ን፣ ከዚያም የእንግሊዝን የፓውንድ ምልክት ይጽፋል። የድሮው የማክ ሠንጠረዥ መጀመሪያ ነጥብ፣ ቀጥሎ ባለ ቀለበት «አ»፣ በመጨረሻ ያንኑ ፓውንድ ያወጣል። በአማርኛ የተሞላ ሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት ተራ ጽሑፍ) በኤክሴል ሲከፈት በእንዲህ ያሉ ምልክቶች ተሞልቶ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ አንባቢው በሌላ ሠንጠረዥ እያነበበው ነው። እንዲህ እንዳለ «ሴቭ» ያደረጉት ቀን ግን የእውነት ይበላሻል።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በየቢሮው የተጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነበር። እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ይዘው በላዩ የግዕዝ ቅርጽ ያሳዩ ስለነበር ፎንቱ የሌለበት ማሽን የሚያሳየው የተመሰቃቀለ ላቲን ብቻ ነው። ስታታም ቢሆን ዩኒኮድን የተቀበለው በ2015 በ14ኛ እትሙ ነው። ኤስፒኤስኤስ የድሮ ፋይል በዩኒኮድ ሲከፍት የጽሑፍ ዓምዶቹን ስፋት በሦስት ያባዛል፤ 8 የነበረው 24 ይሆናል። እንደ እኛ ላለ ባለ ሦስት ባይት ፊደል ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ የተቆረጠውን ግን አይመልስም።

አሻጋሪ ፋይል ለሰሜን ሸዋ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአንኮበር ወደ ቆላው ሲወረድ ያለችው ዲንኪና በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ መንደሮች «የኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ጥናት» ከተካሄደባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ጥናቱን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል፣ የኦክስፎርዱ የአፍሪካ ኢኮኖሚዎች ጥናት ማዕከልና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተባብረው አካሂደውታል። በ1994 በ15 መንደሮች 1,477 ቤተሰቦች ተመዘገቡ፤ እነዚያኑ ቤተሰቦች በየጊዜው እየተመለሱ እስከ 2009 ጠየቋቸው። በእነዚህ 15 ዓመታት ዓለም ከዶስ ወደ ዊንዶውስ ተሻግሯል፤ ፍሎፒ ጠፍቶ ፍላሽ መጥቷል፤ ፕሮግራሞቹ ፋይል የሚያስቀምጡበትን መንገድ ደጋግመው ለውጠዋል። የ1994ቱ የዲንኪ ገበሬ ከ2009ኙ ጋር አንድ ሰው መሆኑ የሚታወቀው የመንደሩና የቤተሰቡ ኮድ ሳይዛባ ስለተሻገረ ብቻ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቁጭ ብለው የሰጡት መልስ በዚያች ኮድ ላይ ተንጠልጥሏል።

ስም ለዚህ ሥራ አይበቃም። ጣርማ በር፣ ጣርማበር፣ ጠርማ በር፤ ለሰው አንድ ቦታ ነው፣ ለኮምፒውተር ሦስት። ስለዚህ ኮድ ያስፈልጋል። ኮዱም ቢሆን ጠላት አለው። አማራ ክልል በስታቲስቲክስ ኮድ 03 ነው። ሲኤስቪው ኤክሴል ላይ ሲከፈት ዜሮዋ ትጠፋና 3 ትሆናለች፤ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ተቀጣጥለው የተሠራው ረጅም ኮድ አንድ አሃዝ ያጥራል፤ ከሌላው ፋይል ጋር ለማገናኘት ሲሞከር የአማራ ክልል ቤተሰቦች በሙሉ ተጓዳኝ ያጣሉ። ኤክሴልን ማጥላላት አልፈልግም፤ ለደመወዝ ሠንጠረዥ የሚያህለው የለም። ለጥናት መረጃ ማሻገሪያነት ግን አልተፈጠረም።

ከሁሉ የከፋው ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት ነው። የመሬቱን ስፋት ያልተናገረ ገበሬ አለ እንበል፤ መልሱ ባዶ ነው። ስታታ ባዶን ከየትኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ ይቆጥራል፤ ሳስ ከየትኛውም ቁጥር እንደሚያንስ። «ከ2 ሄክታር በላይ ያላቸውን ለይ» የተባለ ስታታ ይህንን ሰው ከባለ ሰፊ መሬቶቹ ጋር ያሰልፈዋል። «ከግማሽ ሄክታር በታች ያላቸውን ለይ» የተባለ ሳስ ደግሞ ከድሆቹ ጋር። ያው ሰው፣ ያው ፋይል። በመጠይቁ ላይ ዕድሜው «አልታወቀም» ለማለት 99 ተጽፎ ከሆነና ፍቺው ከፋይሉ ጋር ካልተሻገረ ደግሞ ወረዳው የ99 ዓመት አዛውንቶች መናኸሪያ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ቀንም አለ። ስታታና ሳስ ቀን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1960 መባቻ ነው፤ አር የተባለው ፕሮግራም ከ1970፤ ኤስፒኤስኤስ ከኦክቶበር 1582 ጀምሮ በሰከንድ። ኤክሴል ለዊንዶውስ ከ1900 ይነሳል፤ ኤክሴል ለማክ እስከ 2008 እትሙ ድረስ በተለመደው አሠራሩ ከ1904 ይነሳ ነበር። ልዩነቱ 1,462 ቀን ነው፤ ሳይታወቅ ከተቀላቀለ በተለያየ ማሽን የተመዘገቡ መንታ ልጆች የአራት ዓመት ታላቅና ታናሽ ይሆናሉ። የእኛው የዘመን አቆጣጠር በዚህ ላይ ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ፋይሎች ውስጥ የልደት ወር የተመዘገበው ከ1900 ጀምሮ በወር ቆጠራ ነው፤ ቆጠራው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. 1297 ተብሎ ይጻፋል። ወደ አውሮፓው ለመመለስ 92 ይደመራል፤ 1389 ይሆናል፣ ሴፕቴምበር 2015። ይህን ያላወቀ ውጭ አገር ያለ ተመራማሪ 1297ን ጃንዋሪ 2008 ብሎ ያነበዋል። ፋይሉ በትክክል ተከፍቷል፣ አንድ ባይት አልጎደለም፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ግን ጠፍቷል። ጳጉሜን በተመለከተ የትኛውም የእነዚህ ፕሮግራሞች የቀን ዓይነት 13ኛ ወር አያውቅም። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መቀመጥ አለባቸው።

መረጃ አሰባሰቡ ከወረቀት ወደ ታብሌት ሲዞር ደግሞ ሌላ መሻገሪያ ተጨመረ፤ ከአንድሮይድ ወደ ዊንዶውስ። አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በታብሌት እንዲካሄድ ታስቦ ነበር፤ በ2019 ተራዘመ። የአሜሪካ የቆጠራ ቢሮ ያዘጋጀውና በነፃ የሚገኘው ሲኤስፕሮ የተባለ የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም በአንድሮይድም በዊንዶውስም ላይ ይሠራል። በቀድሞ አሠራሩ መረጃውን በተራ ጽሑፍ ያስቀምጥ ነበር፤ ፍቺውን ደግሞ ጎኑ ባለ ዲክሽነሪ ፋይል ውስጥ። አንድ መስመር «0312504» ሊል ይችላል፦ 03 ክልል፣ 1 ወንድ፣ 25 ዕድሜ፣ 04 የቤተሰብ ብዛት። ዲክሽነሪው ከጠፋ የቀረው ሦስት መቶ ሺህ ምናምን የሚል ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው። ተራ ጽሑፍ በማንኛውም ማሽን ይከፈታልና የማሻገሩ ግማሽ ሥራ አልቋል፤ አሻጋሪ ፋይል የሚያሰኘው ግን ከዲክሽነሪው ጋር አብሮ ሲሄድ ብቻ ነው።

ለማስተርስ ጥናት ወደ ጣርማ በር የምትሄዱ ተማሪዎችና መረጃ የምታስረክቡ የወረዳ ባለሙያዎች ሁሉ፦ የመጀመሪያውን ፋይል በነበረበት ፕሮግራም አስቀምጡ፤ ከጎኑ በዩቲኤፍ 8 የተጻፈ ሲኤስቪ ቅጂ አድርጉ፤ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ስም፣ የእያንዳንዱን ኮድ ፍቺና ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተመዘገበ በአንድ ገጽ ጻፉና እዚያው ፍላሽ ላይ ጨምሩ። ከዚያ ፋይሉን በራሳችሁ ሳይሆን በሌላ ሰው ማሽን ክፈቱት፤ የጥቂት ቤተሰቦችን መልስ ከመጠይቁ ጋር ዓምድ በዓምድ አመሳክሩ፤ ከዚህ በፊት ግን አታስረክቡ።