ከነጋሪት እስከ ጊታር

ስሙኝማ፣ ጆሮአችሁን አውሱኝ። የማወራችሁ ስለ ድምፅ ነው፤ ጆሮ ሰምቶት ብቻ ስለማይቀር፣ ደረት ላይ ስለሚያርፍ ድምፅ። የሄቪ ሜታል ሙዚቃን ታሪክ ከበርሚንግሃም ወይም ከኒው ዮርክ ልጀምርላችሁ እችል ነበር። አልጀምርም። የምጀምረው ከመተማ ዮሐንስ ነው፤ ሰሊጥና ጥጥ ከሚበቅልበት፣ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኑ ገላባት ከሚታይበት፣ ከቆላው ጫፍ።

ቀኑ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የማህዲስቶቹ የጦር አዛዥ ዘኪ ቱማል የመሸገበትን የእሾህ አጥር ሊሰብሩ ጦራቸውን አሰልፈዋል። ድሉ ወደ እርሳቸው እያደላ ሳለ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግስቱም ዐረፉ። ከተማዋም ስማቸውን እንደያዘች ቀረች። የውጊያው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ተተርኳል፤ እኔን የሚያብሰለስለኝ ድምፁ ነው። በዚያ ዘመን የንጉሠ ነገሥት ጦር በዝምታ አይዘምትም ነበር። ነጋሪት በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ይጎሰማል። መለከት ይነፋል። እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ የተወውን ሌላው እየተቀበለ ዜማውን ይገጣጥሙታል። በዚህ ላይ ሽለላው፣ ፉከራው፣ ቀረርቶው አለ፤ ጉሮሮ እስኪሰነጠቅ። ሄቪ ሜታልን «የባዕድ ጩኸት ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህንን አነሣበታለሁ። ደረት የሚመታ ድምፅ ለእኛ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ያጣነው መቅጃውን ነው።

ኤዲሰን ፎኖግራፍን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ከመተማ ውጊያ ዐሥር ዓመት በኋላም አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ መልእክት የመልስ ቃላቸውን በዚሁ መሣሪያ አስቀርጸው ልከዋል። ታዲያ «ነጋሪቱስ ለምን አልተቀዳም?» ትሉኝ ይሆናል። በዚያ መሣሪያ ነጋሪትን እንደ ግርማው መቅዳት አይቻልም ነበራ! የኤሌክትሪክ ማይክ ገና የለም። ድምፁ በጡሩምባ አፍ ይገባል፣ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌው ሰም ላይ ይፍቃል። ኃይለኛ ምት ሲመጣ መርፌው ከመስመሩ ይዘላል። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን ትልልቅ ከበሮዎች ከቀረጻ ክፍል ይርቁ የነበሩት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን ሄደው ሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ድምፃቸውና መሰንቋቸው በዚያ ጡሩምባ አለፉ። ማይክ ወደ ሸክላ ቀረጻ የገባው እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ከባድ ምት በሩ ተዘግቶበት ቆየ።

ሽለላው ግን ሌላ መንገድ አገኘ። ጌታቸው መኩሪያ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ውስጥ ያደጉት ሳክስፎን ተጫዋች፣ የጀግናውን ሽለላ ያለ ቃል በሳክስፎን ማቅራራት ጀመሩ። ድምፁን ያሻክሩታል፣ ይጎትቱታል፣ እንደ ፎካሪ ትንፋሽ ይቆርጡታል። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ፐንክ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። የሚያጓራ ጊታርና የሽለላ ሳክስፎን ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሌላውን አልገፋውም። ያንን አልበም የሰማ ሰው ሁለቱ ዝምድና እንዳላቸው ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለት ነገር ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ዐምሃ እሸቴ በዐምሃ ሪከርድስ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያው ሥራም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ለንደን ላይ ደግሞ ብላክ ሳባዝ የተባሉ አራት ወጣቶች የመጀመሪያ አልበማቸውን በአንድ ቀን ያህል ቀርጸው ጨረሱ፤ ባለ አራት ትራክ ቴፕ ነበር የነበራቸው። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በበርሚንግሃም ብረት ፋብሪካ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ በማሽን ያጣ ልጅ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቆዳም አለበሰው። ጠንካራ ክር ስለሚያመው ቀጭን ክር ገጠመ፤ በኋላም ክሩን እያላላ ድምፁን ዝቅ አደረገው። ያ ዝቅታ ነው እንግዲህ ዛሬ የሄቪ ሜታል ክብደት የምንለው። ከጉዳት የተገኘ ድምፅ ነው።

የጊታሩ ጩኸትስ ከየት ይመጣል? ከክሩ ሥር ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ክሩ ሲርገበገብ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላል። ከአቅሙ በላይ ሲጫኑት የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ በዚህ ጊዜ በክሩ ላይ ያልነበሩ ተጨማሪ ድምፆች ይወለዳሉ። ዲስቶርሽን የሚባለው ይህ ነው። ዘ ኪንክስ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን ሻካራ ድምፅ ፍለጋ የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ቀደደው።

ልብ በሉልኝ! የእኛ በገና ሠሪ ይህን ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ ከአንጀት ይሠራሉ። በብርኩማው ላይ፣ ከየአውታሩ ሥር፣ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ ጥዝ ይላል፤ ከአንዱ ድምፅ ጋር ብዙ ድምፅ ይነሣል። እንዚራዋን አውጡና ደርድሩት፤ በገናው ድዳ ይሆናል። ጸሎት የሚደረስበት መሣሪያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክብሩን ከጭፈራ መድረክ ጋር አልቀላቅልም። የጆሮውን ጥበብ ግን አለማድነቅ አይቻለኝም።

በስቱዲዮ ውስጥ ጊታሩን ሲቀዱት ማይክ ከስፒከሩ ፊት ተጠግቶ ይቆማል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለው ሹር ኤስኤም 57 ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ይመረጣል፤ ርካሽ ነው፣ ጩኸት አያስደነግጠውም። ማይኩን ከስፒከሩ መሐል ጣት ስፋት ያህል ወደ ዳር ቢያዞሩት የሚወጋው ድምፅ ይለዝባል። ጊታሪስቱ ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይቀመጣል። በኮምፒዩተር ገልብጦ ማስቀመጥ ይህን አይተካም፤ ስፋቱ የሚመጣው በሁለቱ አጨዋወት መካከል ካለው ጥቂት ልዩነት ነውና። ቤዝ ጊታሩ አንድ መስመር በቀጥታ፣ አንድ መስመር በአምፕሊፋየር ይቀዳል። ድራሙ ከሁሉ ይከብዳል። በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ በሁለት ፔዳል ስለሚሮጥ፣ ለእርሱ ለብቻው ማይክ ይሰጠዋል፤ ለስኔሩ ከላይና ከታች፣ ለሲምባሎቹ ደግሞ ከራስ በላይ።

ወደ ዜማውም ልመልሳችሁ። አራቱን ቅኝቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። በአንቺ ሆዬ ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ አራተኛው ያለው ርቀት ስድስት ግማሽ ድምፅ ነው። ብላክ ሳባዝ በባንዱ ስም በተጠራው ዘፈናቸው መግቢያ ላይ ያስጨነቁን በዚሁ ርቀት ነው። ጊታር የያዘ የጎንደር ልጅ ያንን ጨለማ ፍለጋ ባሕር መሻገር የለበትም፤ ቅኝቱ ቤቱ አለ።

ይህን መንገድ ገፍቶ የሄደ ባንድ አለን፤ ጃኖ። ሙሉ በሙሉ ሄቪ ሜታል ነው አልላችሁም፤ ሮክ ነው፣ በእኛ ቅኝት። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ሄዋን ገብረወልድ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ኃይሉ አመርጋ ከፊት ቆመው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም አወጡ። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተርሄድ ለተባለው የብረት ጉሮሮ ባንድ «ኦርጋዝማትሮን»ን የሠራ፣ በኋላም የእጅጋየሁ ሽባባውን አልበም ያዘጋጀ ቤዝ ተጫዋች። የቻግኒዋን ልጅ የእጅጋየሁን ልስልስ ድምፅና የሞተርሄድን ነጎድጓድ አንድ ጆሮ አስተናግዷቸዋል። በ«ኤርታሌ» የምወደው ጊታሩ ሲከብድ ድምፃውያኑ የማይሸሹት መሆኑ ነው፤ የሀገራቸውን አዘፋፈን ይዘው ፊት ለፊት ይቆማሉ።

ታዲያ መተማ ላይ ዛሬ ወጣቶች ተሰባስበው እንዲህ ያለ ነገር መቅዳት ቢያምራቸውስ? የምነግራቸው አለኝ። ቆላው ቆዳን ይገዛል፤ በበጋ ሐሩር የከበሮ ቆዳ ይወጠራል፣ በክረምት እርጥበት ይላላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀረጻ ሳይጀመር ድምፁ ይፈተሽ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ከተነሣ እምምታው ጊታሩ ውስጥ ይገባል፤ ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ማግኔት የተገጠመለት ጊታር ይሻላል፤ ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ ስለተጠመጠሙ እምምታውን እርስ በርስ ያጠፉታል። ከበሮውን ከሁለቱም ፊት በሁለት ማይክ ቅዱት፤ አንደኛው ፊት ሲመታ ሌላው ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ያንደኛውን ማይክ ፌዝ፣ ማለትም የሞገዱን አቅጣጫ፣ ገልብጡት፤ አለበለዚያ ጉልበቱ ይበላላችኋል። ክራር ካላችሁ ፒክአፕ ግጠሙለትና በጊታር አምፕሊፋየር አስገቡት፤ መሰለ አስማማው የኤሌክትሪክ ክራርን የት ድረስ እንዳደረሰው ስሙ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሽለላ የሚያውቁ አባቶችን ቅዱ፤ ዕድሜ አይጠብቅም። ማይኩን አፋቸው ላይ አትደግኑባቸው። ሁለት ክንድ አርቁት፤ ድምፁ መጀመሪያ አየሩን ይምታ። ጊታሩን፣ ቤዙንና ድራሙን ከዚያ በኋላ፣ በአባቶቹ ትንፋሽ ልክ፣ ከድምፃቸው ሥር አስገቧቸው።