የላስታ ደጋ፣ ወፎቹና የጋራ ጥበቃ ታሪክ

ላሊበላ ሲነሣ በሰው ሁሉ አእምሮ ቀድሞ የሚታየው ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ የወጣው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ይኸው ነው። ዳሩ ግን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ቀና ብሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተመለከተ ሰው ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመውን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ያያል። በተራራው ላይ ጓሳና ጅብራ ይበቅላል፤ ጭላዳ ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል፤ በገደሉም ላይ አጥንት ከሰማይ ለቅቆ በአለት ላይ የሚሰባብረው ትልቁ ጥንብ አንሣ ያንዣብባል። የሰው እጅ ያነጸው ቅርስ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የዚህኛው ግን በተበታተኑ መዛግብት ውስጥ ቀርቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የላስታን ደጋ ወፎችና መኖሪያቸውን ለመጠበቅ የተደረገውን ጥረት ከመነሻው ተከትሎ፣ ጉዳዩ ለምን የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ ሙያ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹ መዝጋቢዎች

የደጋው ሕዝብ ወፎቹን ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸዋል። በወፍ ጩኸት ንጋትን ይለያል፤ በአሞራ መሰብሰብ ከብት የወደቀበትን ሥፍራ ያገኛል። በሳይንስ መዝገብ ላይ መስፈር የጀመሩት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1830ዎቹ ሰሜንንና ጎንደርን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ዛሬ በላሊበላ ዙሪያ በየቀኑ ከምናያቸው መካከል ብዙዎቹን ለዓለም አስተዋወቀ። መንቁረ ወፍራሙ ቁራ፣ ከአንገቱ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለለትና እየተንጫጫ በመስክ ላይ የሚለቅመው ወፍ፣ በገደልና በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የምትሰፍረው አንገቷ ነጭ ርግብ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈው በጦርነት መካከል ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረው ዊልያም ብላንፎርድ አብሮ ተጓዘ። ጦሩ ከአሸንጌ ሐይቅ ተነሥቶ በዋግሹም ጎበዜ ግዛት፣ በላስታ ደጋ አቋርጦ ወደ ዋድላና ደላንታ ወጣ። ብላንፎርድ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የሀገሪቱን አለቶችና እንስሳት አጣምሮ ገለጸ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የመሬቱን አሠራር ያጠና የነበረውና ወፉን የመዘገበው አንድ ሰው ነበር። አለቱን፣ ከፍታውንና ወፉን በአንድ ዓይን ማየት በዚያን ዘመን የሚያስደንቅ አልነበረም። በኋላ ሙያ ሲከፋፈል ግን እኛ መሐንዲሶቹ ለብቻችን፣ የሕይወት ጥናት ሊቃውንቱም ለብቻቸው ሄድን።

ከዝርዝር ወደ ካርታ

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሥራው በሀገር ውስጥ ተቋማት እጅ መግባት ጀመረ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተመሠረተ። በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። በ1976 ደግሞ ጆን አሽ በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልታወቀች፣ ዘር የምትለቅም ትንሽ ግራጫ ወፍ አገኘ፤ በ1979ም በአንኮበር ስም ሰየማት። ለብዙ ዓመታት ይህች ወፍ ከአንኮበር አካባቢ በቀር በሌላ ሥፍራ የለችም ይባል ነበር። በኋላ ግን በሰሜን ተራሮች ተገኘች።

ይህ ግኝት ከሚመስለው በላይ ትልቅ ትርጉም አለው። ከአንኮበር እስከ ሰሜን ያለው ርቀት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በመካከሉ እንደ ደሴት ተለያይተው የቆሙት የወሎ ከፍታዎች፣ ከእነርሱም አንዱ አቡነ ዮሴፍ ይገኛሉ። እንግዲህ የአንዲት ትንሽ ወፍን ካርታ ለመሣል ሸዋን፣ ወሎንና ጎንደርን በአንድ ገጽ ላይ ማኖር ግድ ሆነ። ማኅበሩ በ1996 ያሳተመው የወፎች ጠቃሚ ሥፍራዎች መዝገብ በመላ ሀገሪቱ 69 ሥፍራዎችን በመለየት ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ጥሏል። ጥበቃን ከነጠላ ዝርያ ወደ ሥፍራ፣ ከሥፍራም ወደ ሰፊ መልክዓ ምድር ያሸጋገረው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ደሴቶቹ ሲለያዩ የሚደርሰውን ጉዳት ቀይ ቀበሮ በግልጽ ያሳየናል። በመላው ኢትዮጵያ የቀረው ቁጥሩ 500 ያህል ብቻ ነው። በጎጃም ከጮቄ ተራራ፣ እንዲሁም ከጎሽ ሜዳ ጨርሶ ጠፍቷል። በየትኛውም ሥፍራ አንድ ክፉ ዓመት፣ አንድ የውሻ በሽታ ወረርሽኝ ይበቃዋል፤ ከጎረቤት ተራራ መጥቶ የሚተካው የለምና። እርሻው ከ3500 ሜትር በላይ እየወጣ ገብስ ጓሳውን በተካው መጠን በጓሳው ውስጥ ጎጆ የሚሠራው ወፍም ዕጣው ይኸው ነው።

አባቶች የሠሩት ሥርዓት

የጋራ ጥበቃ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ብቻ አይደለም። በመንዝ የጓሳ መሬት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። በአባ ቄራ የሚመራው ሕዝብ ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ዘግቶ ያቆያል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ በአንድነት ይከፍተዋል፤ ሥርዓቱን ያፈረሰ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ መሠረቱ ቢናጋም፣ ሕዝቡ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ነው። በላስታም ቢሆን በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ዙሪያ የቆመው የጽድና የወይራ ደን ከተራቆቱት ሸንተረሮች መካከል አረንጓዴ ሆኖ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ክብር ነው። በቅርብ ዓመታት አቡነ ዮሴፍና አጎራባቾቹ ከፍታዎች በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር እንዲሆኑ የተደረገው ሙከራም የተነሣው ከዚሁ ልማድ ነው። የጎብኚ ገቢ ለዚህ ጥበቃ አንድ ድጋፍ ነበር። ከ2021 ጀምሮ በአካባቢው የደረሰው ጦርነት ግን ጎብኚውን በማስቀረቱ ሸክሙ መልሶ በገበሬው ትከሻ ላይ ወድቋል።

ከውጭው ዓለም ልምድ

የሌሎችን ልምድ መመልከት ይጠቅመናል። በ1980ዎቹ በሰሜን አሜሪካ በድርቅና ረግረጉ እየተጠነፈፈ በመታረሱ የዳክዬዎች ቁጥር ክፉኛ ወረደ። በ1986 አሜሪካና ካናዳ አንድ የጋራ ዕቅድ ተፈራረሙ፤ ሜክሲኮም በ1994 ገባችበት። ሥራውን እንዲፈጽሙ የተቋቋሙት አካባቢያዊ ኅብረቶች መንግሥትን፣ ባለርስቱን ገበሬ፣ አዳኙንና ተመራማሪውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጡ ናቸው። አሠራራቸው ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። እኛ በመጀመሪያ የሚፈለገውን የውሃ መጠን እንወስናለን፤ ከዚያ የቧንቧውን ስፋት እናሰላለን፤ ከተሠራ በኋላም እንለካለን። እነርሱም እንዲሁ የሚፈለገውን የወፍ ቁጥር ይወስናሉ፤ ቁጥሩን ወደ ሄክታር ረግረግና ሣር ይተረጉማሉ፤ ሄክታሩን በየአካባቢው ያከፋፍላሉ፤ ቆጥረውም ስሌቱን ያርማሉ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የነጩ ጥንብ አንሣ ነው። ይህ ወፍ በባልካን ተፈልፍሎ ቀይ ባሕርን ይዞ በመውረድ ከፊሉ በኢትዮጵያ ይከርማል። በፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ለአሥርተ ዓመታት ብዙ ጥንብ አንሣዎችን ሲገድል ኖሮ በ2014 ከአገልግሎት ወጣ። ከ2017 እስከ 2022 በተካሄደው የጥንብ አንሣው ጥበቃ ፕሮጀክት 14 አገሮች ሲሳተፉ የእኛው ማኅበር አንዱ ተባባሪ ነበር። እንግዲህ በቡልጋሪያ ጎጆ የሚጠብቅ ሰው ድካሙ ከንቱ እንዳይሆን በእኛ ምሰሶ ላይ ያለው ሽቦ በአግባቡ መሸፈን አለበት ማለት ነው። ሽቦውን የሚሸፍነው ደግሞ የወፍ አጥኚ ሳይሆን መሐንዲስ ነው።

የራሳችን ድርሻ

ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ አድርጌ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በላስታ ደጋ ለአንዲት ቀበሌ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ንድፍ አዘጋጅቼ ነበር። ንድፉ በስሌት ረገድ ጉድለት አልነበረበትም፤ የምንጩን ፍሰት በሙሉ ሰብስቦ ወደ ቦኖው ያደርሳል። በሁለተኛው በጋ ለክትትል ስመለስ ግን ከምንጩ በታች የነበረው ጨፌ ደርቆ አገኘሁት። በዕድሜ የገፉ አንድ ቄስ አብረውኝ ቆመው፣

«ልጄ፣ ውሃውን ለሰው አቀረብህ፤ እግዜር ይስጥህ። ጨፌውን ግን ማን ያጠጣው? መጀመሪያ ወፎቹ ሄዱ፤ ኋላም ለከብት የሚታጨድ ሣር አጣን» አሉኝ።

«አባ፣ በጥናቱ ጊዜ ይህን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ገንዳው ሲሞላ የሚተርፈው ውሃ ወደ ጨፌው እንዲመለስ ማስተንፈሻ አስገባንለት። ወጪው ጥቂት ሜትር ቧንቧ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ንድፍ ያልገባው ውድ ስለሆነ ሳይሆን ጥያቄው ስላልተነሣ ነው። የወፎቹ መሄድ የጨፌውን መድረቅ ከሣሩ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ያንን ምልክት የሚያነብ ሰው ግን በቡድናችን ውስጥ አልነበረም።

ነገሩን ከፍ አድርገን ብንመለከተው፣ ተከዜ የሚመነጨው ከዚሁ ከላስታ ደጋ ነው። በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ 300 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ጓሳው ሲታረስ ዝናቡ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ አፈሩም ጉዞው ወደ ግድቡ ሐይቅ ነው። የወፉ መኖሪያና የተርባይኑ ዕድሜ በአንድ ተፋሰስ የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ የወፍ ጥበቃ የቅንጦት ጉዳይ ነው የሚለው አስተያየት ቢያንስ ከመሐንዲስ አፍ ሊወጣ አይገባም።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ተግባራዊ ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በደጋው የሚነደፍ ማንኛውም የመንገድ፣ የውሃ ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ የጥናት ቡድኑ ውስጥ የሕይወት ጥናት ባለሙያና የአካባቢው ሽማግሌ ይኑሩበት። ሁለተኛ፣ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ያለው የወፎች ሥፍራ ካርታና እኛ ዘንድ ያለው የተፋሰስ ካርታ በአንድ ሚዛን ተሠርተው ይደራረቡ። ሦስተኛ፣ የአቡነ ዮሴፍ፣ የመንዝና የሰሜን ጠባቂ ማኅበረሰቦች በየዓመቱ የሚገናኙበትና ቆጠራቸውን የሚያስተያዩበት አንድ ጉባኤ ይኑር፤ የሙያ ማኅበራችንም የመለኪያና የካርታ ሥራውን በነጻ ቢያበረክት ከአቅሙ በላይ አይሆንም። ብላንፎርድ አለቱንና ወፉን በአንድ መጽሐፍ ካሰፈረ ከ150 ዓመት በላይ አልፏል። ሁለቱን መልሶ በአንድ ንድፍ ላይ ማስፈር ዛሬ የእኛ ሥራ ነው።