ይፋትን መፈለግ፦ የርእሰ ጉዳይ ጥቆማ ታሪክ ከአንድ ቆላ አገር አንጻር

አንድ ጽሑፍ ስለ ምን እንደሚናገር መለየት፣ ያንንም በጥቂት የተመረጡ ቃላት መሰየም፣ ፈላጊውም በእነዚያ ቃላት በኩል ወደ ጽሑፉ እንዲደርስ ማድረግ በቤተ መጻሕፍት ሙያ የርእሰ ጉዳይ ጥቆማ ይባላል፤ ከሥራው የሚገኘው የቃላት ዝርዝርም መጠቁም ነው። ሥራው ከውጭ ሲታይ ተራ የመዝገብ ቤት ተግባር ቢመስልም በውስጡ ፍርድ አለበት፤ ጠቋሚው አንድን መጽሐፍ በአንድ ስም ሲመዘግብ በሌላ ስም ለሚፈልገው አንባቢ መንገዱን ሊዘጋበት ይችላልና። የዚህ ፍርድ ክብደት ጎልቶ ከሚታይባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ከሸዋ ደጋ ምሥራቃዊ ገደል ሥር እስከ አፋር ሜዳ ዳርቻ የሚዘረጋውና ሸዋ ሮቢት የምትገኝበት የይፋት ቆላ ነው። ስለ ይፋት የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን በግእዝ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛና በአውሮፓ ቋንቋዎች የተጻፈና በየካታሎጉ በልዩ ልዩ ርእስ ሥር የገባ በመሆኑ ታሪኩ ከመጥፋት ይልቅ በመበታተን የተጎዳ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፍን ለፈላጊ አመቻችቶ ማዘጋጀት በኢትዮጵያ ከዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት እጅግ ይቀድማል። በዐድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌላት የቂሣርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዘጋጃቸውን ሰንጠረዦች ይዘዋል፤ በቁጥር 10 የሆኑት እነዚህ ሰንጠረዦች በአንዱ ወንጌል የተነገረው ነገር በሌሎቹ የት እንደሚገኝ በክፍል ቁጥር ስለሚያመለክቱ በእርግጥ መጠቁም ናቸው። ፍትሐ ነገሥት ደግሞ ሕጉን በ51 አንቀጽ ከፍሎ፣ የመጀመሪያዎቹን 22 ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ፣ የቀሩትን ለሥጋዊው ዓለም ጉዳይ ስለመደበ፣ ዳኛው የሚፈልገውን ፍርድ በጉዳዩ ዓይነት ያገኘዋል። ስንክሳር በአንጻሩ የቅዱሳንን ታሪክ የሚያቀርበው በዕለት ነው። ስለዚህ በጉዳይ፣ በቀንና በተመሳሳይ ንባብ መፈለግ ለአገሩ ሊቃውንት የታወቀ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ሦስቱም ዘዴዎች የሚያገለግሉት አንድን መጽሐፍ ወይም አንድን የመጻሕፍት ቡድን ነበር፣ በብዙ እጅ የተጻፉትን የተለያዩ ሰነዶች በአንድ የቦታ ስም ሥር የሚያገናኝ መሣሪያ ግን ገና አልነበረም።

ይፋትን የመሰለ አገር የሚሻው ይህንኑ መሣሪያ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት አስገብሮ ወደ ዘይላ በሚወስደው የንግድ መስመር ላይ ኃይሉን ሲያጸና፣ ይፋት በሁለት ወገን ጸሐፍት ዘንድ መታወቅ ጀመረ። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ1332 ገደማ ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር የተደረገውን ጦርነት ከቤተ መንግሥቱ አንጻር በግእዝ ሲተርክ፣ በ1349 ያረፈው የደማስቆ ሰው አል ዑመሪ በበኩሉ ከሰባቱ የእስላም ግዛቶች አንዱ አድርጎ አገሪቱን በዐረብኛ ገለጸ፤ በ1442 የሞተው ግብጻዊው አል መቅሪዚም የወላስማን ነገሥታት ታሪክ ጻፈ። በዐረብኛው ጽሑፍ አገሪቱ አውፋት ወይም ወፋት ተብላ ስትጠራ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መንገደኞች መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ ኤፋት ሆና ትገኛለች። በዚህ ዓይነት ሁኔታ የጥቆማ ንድፈ ሐሳብ የሚያዘው አንዱን ስም ዋና አድርጎ መምረጥን፣ ከቀሩት ስሞች ሁሉ ወደ እሱ የሚመራ «ተመልከት» የሚል ምልክት ማኖርን ነው።

ይህን ሥርዓት በደንብ መልክ ካስቀመጡት ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቻርልስ ከተር ሲሆን፣ በ1876 ባሳተመው የካታሎግ ደንብ መጽሐፍ ሁሉ በሚናገርበት ልዩ ጉዳይ ስም እንጂ ያንን ጉዳይ በሚያቅፈው ሰፊ ክፍል ስም እንዳይመዘገብ አዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣው የሜልቪል ዲዊ አመዳደብ ግን ዕውቀትን በዐሥር በዐሥር እየከፈለ መደርደሪያ የሚያደላድል በመሆኑ፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በሙሉ 963 በሚለው ቁጥር ሥር ይሰበስባል። የሁለቱ ልዩነት በይፋት ላይ ፈጥኖ ይታያል፤ ሰፊው ቁጥር መጽሐፉ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቀመጥ ይወስናል፣ ውስጡ ስለ ቆላው መናገሩን የሚያሳውቀው ግን የጠቋሚው ልዩ ርእስ ብቻ ነው። በ1841 ወደ ሸዋ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1844 ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ በርእሱ ስለ ኢትዮጵያ ደጋ የሚናገር ሲሆን፣ ከአንኮበር በታች ስላለው ስለ አልዩ አምባ ገበያ የሚሰጠው መግለጫ ግን ለይፋት ታሪክ ጠቃሚ ምንጭ ነው። በርእሱ ብቻ የሚመራ ፈላጊ የቆላውን ገበያ በደጋው መጽሐፍ ውስጥ እንዲያገኘው አይጠበቅም።

በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ተቋማዊ መልክ የያዘው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በ1944 ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲመሠረት ስለ አገሪቱ የተጻፈውን ሁሉ ለመሰብሰብ ታሰበ። በ1973 የጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ የገዳማትንና የአድባራትን መጻሕፍት እያነሣ ቅጂውን በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኔሶታ አኖረ። ዊልያም ማኮምበርና የሸንኮራ ተወላጁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከ1975 እስከ 1993 ባሳተሟቸው 10 ቅጾች 5,000 ብራናዎችን ገልጸዋል። የእነዚህ ቅጾች ጥቅም የመጻሕፍቱን ስም በመዘርዘር አያበቃም፤ በገድልና በተአምር ኅዳግ ላይ የሰፈሩትን የርስት ውል፣ የስጦታ መዝገብና የባለቤትነት ማስታወሻዎች ጭምር ስለሚያመለክቱ፣ መጽሐፉ ስለ ሌላ ነገር ቢሆንም ስለ አንድ ቀበሌ የሚናገረው ገጽ እንዲታወቅ ያደርጋሉ። በንድፈ ሐሳቡ ቋንቋ ይህ የጥቆማ ምሉእነት ይባላል፤ ጠቋሚው ዋናውን ጉዳይ ብቻ መዝግቦ አይቆምም፣ በሰነዱ ውስጥ ፈላጊ ሊኖረው የሚችለውን እያንዳንዱን ጉዳይ ያወጣል ማለት ነው።

የይፋት ትልቁ ችግር ሸዋ በሚለው ሰፊ ስም መዋጡ ነው። ጣልያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 ያሳተመው የዐረብኛ ዜና መዋዕል የወላስማን አነሣሥ የሚያስረዳ ዐቢይ ምንጭ ሆኖ ሳለ፣ የጥናቱ ርእስ የሚጠራው የ13ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ሱልጣኔት ነው። የታሪክ ተመራማሪው አሕመድ ሐሰን ዑመር በ2002 ስለ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የአካባቢው ውሕደት ያሳተሙት ጥናትም በርእሱ ሰሜን ምሥራቅ ሸዋ ይላል እንጂ ይፋትን አይጠራም። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የቅርስ ተመራማሪዎች ቡድን በ2006 አስበሪን፣ መሳልንና ኖራን የመሰሉትን የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ሲያስተዋውቅ ኢፋት በሚለው ስም ሲጠቀም፣ ስለ ሱልጣኔቱ ዋና ከተማና ስለ ወላስማ የመቃብር ስፍራ በ2017 የወጣው ጥናት ግን አውፋት የሚለውን መርጧል። በዚህ ላይ የአስተዳደር ለውጥ ሲጨመር ችግሩ ይጠናል፤ ቀድሞ የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ የነበረው ምድር ዛሬ ከፊሉ በሰሜን ሸዋ ዞን በቀወትና በአጎራባች ወረዳዎች፣ ከፊሉ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በጅሌ ጥሙጋ ስለሚገኝ፣ የአውራጃው ሪፖርትና የወረዳው ሪፖርት ስለ አንድ መሬት ሲናገሩ በተለያየ ስም ይመዘገባሉ። ጥንቁቅ መጠቁም እንግዲህ ስምን ከስም ጋር ከማገናኘት አልፎ፣ እያንዳንዱ ስም በየትኛው ዘመን የትኛውን ወሰን ይሸፍን እንደነበረ ማስታወሻ ሊያኖር ይገባዋል።

የሸዋ ሮቢት ከተማ ስም ራሱ ሌላውን መርሕ ያሳያል። ሮቢት የሚባል ቦታ በራያ ቆቦም በባሕር ዳር አቅራቢያም ስላለ፣ ሕዝቡ «ሸዋ» የሚለውን ቃል ከፊቱ በማስቀደም ለይቶታል፤ ጠቋሚዎች አንድ ዓይነት ስም ያላቸውን ነገሮች ለመለየት የሚጨምሩት መለያ ቃልም ሥራው ይኸው ነው። በእርሻ ሰነዶች ዘንድ ይህ የቃል ቁጥጥር ርቆ ሄዷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው አግሮቮክ የተባለ የቃላት መዝገብ እያንዳንዱን ሰብል ከሰፊው ክፍሉ፣ ከጠባቡ ዓይነቱና ከልዩ ልዩ ስሞቹ ጋር ያቆራኛል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ገበሬው ማሾ የሚለው ሰብል በእንዲህ ያለው መዝገብ ቪግና ራዲያታ በሚለው የሳይንስ ስሙ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የአማርኛው ስም ከሳይንሱ ስም ጋር ካልተያያዘ ግን የአካባቢው የልማት ሠራተኛ በሌላ አገር የተጻፈውን ጥናት ሊያገኘው አይችልም።

የጥቆማ ውጤት የሚለካው በሁለት መስፈርቶች ነው፤ አንዱ ከሚፈለጉት ሰነዶች ስንቱ እንደተገኙ ሲያሳይ፣ ሌላው ከተገኙት ስንቱ በእርግጥ የሚፈለጉ እንደሆኑ ያሳያል፣ ብዙውን ጊዜም አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ሲሪል ክሌቨርደን በእንግሊዝ ክራንፊልድ በ1,400 ሰነዶች ላይ ባካሄዱትና ውጤቱ በ1966 በታተመው ሙከራ፣ ከጽሑፎቹ የተወሰዱ ነጠላ ቃላት በባለሙያ ከተቀናበሩት የቃላት ዝርዝሮች የማያንስ ውጤት በመስጠታቸው ብዙዎች ተደነቁ፤ የኮምፒዩተር ፍለጋም በዚህ ግኝት ላይ ተደገፈ። ይሁን እንጂ አማርኛ የራሱን ጥያቄ አመጣ፤ የፊደሉ ሞክሼዎች አንዱን ቃል በተለያየ ፊደል ያስጽፋሉ፣ በቃሉ ላይ የሚጣበቁት መስተዋድዶችና ቅጥያዎችም «የይፋት»ን፣ «ከይፋት»ንና «ይፋትን» ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ያደርጓቸዋል። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት በ2002 ያቀረቡት የአማርኛ ቃላትን ወደ ግንዳቸው የመመለስ ዘዴ ለዚህ መልስ ከሰጡት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ሲሆን፣ በ2020 ይፋ የሆነው የአማርኛ ፍለጋ መፈተኛ ስብስብም 12,583 ሰነዶችና 240 ጥያቄዎች ይዞ ዘዴዎቹን ለማነጻጸር አስችሏል። ነገር ግን ቅጥያን የሚቆርጥ ዘዴ የቦታ ስሞችን የሚያውቅበት ዝርዝር ካልተሰጠው፣ በይፋት መነሻ ላይ ያለውን «ይ» የግሥ ምልክት አድርጎ ሊቆርጠው፣ ወይም መጨረሻው ላይ ያለውን «ት» ጥሎ ቃሉን ከ«ይፋ» ጋር ሊደባልቀው ይችላል።

ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለውን ስሕተት ሁሉ ቢያርም እንኳ፣ ይፋት የሚለው ቃል ያልተጻፈበትን ስለ ይፋት የተጻፈ ጥናት በቃሉ ብቻ ሊያገኘው አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰነዱን የሚያነብ፣ ቦታውን የሚያውቅና የግእዙን፣ የዐረብኛውንና የአስተዳደሩን ስሞች በአንድ ርእስ ሥር የሚያስተሳስር ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለው የቦታ ስሞች መዝገብ ለአንድ አውራጃ የሚዘጋጀው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለካርድ ካታሎጉም ለኮምፒዩተሩም እኩል ያገለግላል። የይፋት ታሪክ ጸሐፊ ዛሬ አዲስ ምንጭ ከመፈለጉ በፊት፣ በሸዋ፣ በአውፋት፣ በኤፋትና በወረዳዎቹ ስም የተመዘገቡትን ነባር ምንጮች እያሰባሰበ የጠቋሚውን ሥራ ራሱ ለመሥራት የሚገደደው ይህ መዝገብ ባለመሟላቱ ነው።