ሁለት ካርድ ለአንድ ስክሪን

አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ውስጥ ነው ያየናት። የጣት ርዝመት ያላት፣ ጫፍና ጫፏ ላይ ጥቁር መሰኪያ የተገጠመላት ስስ ነገር። ልጁ የሱቁን ቁልፍ አስሮባታል። “ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?” አልነው። “የሁለት ግራፊክስ ካርድ ማገናኛ ናት” አለን ቀና ሳይል። “ታዲያ ቁልፍ መያዣ ይደረጋል እንዴ?” ስንለው “ሌላ ምን ላድርጋት? ዛሬ ማን ይፈልጋታል?” ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እውነቱን ነው፤ ዛሬ ጌም ለመጫወት ብሎ የሚፈልጋት የለም ማለት ይቻላል። ግን አንድ ዘመን ነበር፤ ይቺን ቁራጭ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሰካ ልጅ በጓደኞቹ ዘንድ ንጉሥ የሚሆንበት። እኛ በበኩላችን ጌምን የተዋወቅነው ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ እየጠበቅን ስለሆነ ሁለት ካርድ የተሰካበትን ኮምፒዩተር በፎቶ ብቻ ነው የምናውቀው። በፎቶ ማወቅም ቢሆን ያስቀናል። ታሪኩን ስናገላብጠው ግን የቅናታችንን ያህል የሚያስቀና ሆኖ አላገኘነውም። አንድ ኩባንያ ሞቶበታል፣ ስሙም ለገዳዩ ተላልፏል፣ ስንቱም ወጣት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ላልጠበቀው ነገር ከፍሎበታል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ ነው። ሮስ ስሚዝ፣ ጋሪ ታሮሊና ስኮት ሴለርስ ቀደም ሲል ሲሊከን ግራፊክስ የሚባለው ኩባንያ ባልደረቦች ነበሩ። ሲሊከን ግራፊክስ ለፊልም ሠሪዎችና ለመሐንዲሶች ውድ ማሽን የሚያመርት፣ ተራ ሰው በሩን የማያንኳኳው ቤት ነበር። ሦስቱ ሰዎች በ1994 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርቱ ሐሳባቸው ያንን ባለ ሦስት አውታር ሥዕል በጥቂት መቶ ዶላር ወደ ሰው ቤት ማውረድ ነበር። በ1996 ቩዱ የተባለችውን ካርድ አወጡ፤ ኩዌክ የሚጫወት ሁሉ እብድ ሆነ። በ1998 መጀመሪያ ደግሞ ቩዱ ቱ መጣች፤ ባለ 12 ሜጋባይቷ ወደ 300 ዶላር ገደማ ትሸጥ ነበር።

ቩዱ ቱ ጉደኛ ካርድ ናት። ጌም እንጂ ሌላ ሥራ አታውቅም። ዊንዶውስን የሚያሳይ ሌላ ተራ ካርድ መኖር አለበት፤ የእሱ ምስል በአጭር ኬብል ከኋላ በኩል ወደ ቩዱዋ ይገባና በእሷ አልፎ ወደ ስክሪን ይሄዳል። ጌሙ ሲከፈት ቩዱዋ “ዞር በል” ብላ ቦታውን ትይዛለች። ታዲያ ሰዎቹ አንድ ነገር አሰቡ፤ ሁለት ቩዱ ቱ ጎን ለጎን ተሰክተው፣ ውስጥ ለውስጥ በአጭር ጠፍጣፋ ኬብል ቢገናኙ አንዱን ምስል ተከፋፍለው መሳል ይችላሉ። የምስሉ አግድም መስመሮች ተቆጥረው አንዷ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን ስትስል ሌላዋ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን ትስላለች። ሁለት ሸማኔ አንድ ጋቢ ላይ ተቀምጠው ድሩን እየተቀባበሉ ሲሠሩ እንደማለት ነው። ስሙም ስካን ላይን ኢንተርሊቭ፣ በአጭሩ ኤስኤልአይ ተባለ።

ሠራ? አሳምሮ! አንዷ ካርድ ብቻዋን ከ800 በ600 ፒክስል በላይ መሄድ አትችልም ነበር፤ ለምስሉ የተመደበላት 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እያንዳንዷ የምስሉን ግማሽ ብቻ ስለምትይዝ 1024 በ768 ተቻለ። ከ480,000 ፒክስል ወደ 786,432 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አንሪል የሚባለው ጌም ሲወጣ ከሁለት ቩዱ ቱ የተሻለ የሚያጫውተው የቤት ኮምፒዩተር ማግኘት ይቸግር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድትይዙልን እንፈልጋለን፤ በኋላ እንመለስበታለን። ካርዶቹ ሥራውን ተካፈሉ እንጂ ማስታወሻቸውን አልደመሩም። የግድግዳው ቀለም፣ የጭራቁ ቆዳ፣ የሰማዩ ደመና ሁሉ ሁለቱም ካርዶች ላይ አንድ ዓይነት ቅጂ ሆኖ መቀመጥ ነበረበት። ሁለት ባለ 12 የገዛ ሰው 24 ሜጋባይት አለኝ ብሎ ቢያስብ ተሳስቷል።

ቀጥሎ የመጣው የኩባንያው ውድቀት ነው፤ ሁለት ካርድ የማገናኘት ነገርም አብሮ ጠፋ። አንደኛው ምክንያት ተራ የመሰኪያ ጉዳይ ነው። ቩዱ ቱ የምትሰካው ፒሲአይ በሚባለው መሰኪያ ሲሆን አንድ ማዘርቦርድ ላይ ብዙ አለ። ኢንቴል ለግራፊክስ ብቻ ብሎ ያመጣው ፈጣኑ ኤጂፒ ግን አንድ ማዘርቦርድ ላይ አንድ ብቻ ነው የሚኖረው። ሁለተኛዋ ካርድ መቀመጫ አጣች! ሌላው ምክንያት የስሪዲኤፍኤክስ የራሱ ስህተት ነው። ቺፕ ሠርቶ ለካርድ አምራቾች የሚሸጠው ኩባንያ በ1998 መጨረሻ ኤስቲቢ የተባለውን አምራች ገዝቶ “ከእንግዲህ ካርዱን ራሴ ነኝ የምሠራው” አለ። ደንበኞቹ የነበሩት አምራቾች ምን ያድርጉ? ወደ ተቀናቃኙ ወደ ኤንቪዲያ ሄዱ። በነገራችን ላይ ኤንቪዲያም እዚያው አካባቢ በ1993 የተመሠረተ ነው፤ ጄንሰን ሁዋንግና ሁለት ጓደኞቹ ዴኒስ የሚባል ምግብ ቤት ተቀምጠው የመከሩበት።

ስሪዲኤፍኤክስ በመጨረሻ ሰዓቱ የቀረው ብልሃት ያው ማብዛት ነበር። መሰኪያው አንድ ከሆነ አንዱ ካርድ ላይ ብዙ ቺፕ እናስቀምጥ አለ። በ2000 አጋማሽ ባለ ሁለት ቺፗን ቩዱ 5 5500 ሸጠ። ባለ አራት ቺፗ 6000 ግን ከሙከራ ሳትወጣ ቀረች። ይቺ ካርድ የኮምፒዩተሩ መብራት ስለማይበቃት የራሷ ገመድ ያላት ሣጥን ተሠርቶላት ከግድግዳ እንድትሰካ ታስቦ ነበር። ለካርዷ ለብቻዋ ማከፋፈያ! የተረፉት ጥቂት ናሙናዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች መካከል በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። በታኅሣሥ 2000 ኤንቪዲያ የኩባንያውን ዋና ዋና ንብረት ለመግዛት ተስማማ፤ ዋጋውም 70 ሚሊዮን ዶላር ጥሬ ገንዘብና 1 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር። በ2002 ስሪዲኤፍኤክስ መክሰሩን አወጀ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስቱ ፊደላት ከመቃብር ተነሡ። በ2004 ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው አዲስ መሰኪያ መጣ፤ እሱ ደግሞ ከአንድ በላይ ሆኖ ማዘርቦርድ ላይ መቀመጥ ይችላል። ኤንቪዲያ ወዲያው ኤስኤልአይን ይዞ ብቅ አለ። ስሙ ግን ስካን ላይን ኢንተርሊቭ ሳይሆን ስኬለብል ሊንክ ኢንተርፌስ ሆኗል። ፊደሉ ያው፣ ትርጉሙ ሌላ። የሟቹን ስም ለራስ ልጅ ማውጣት እኛም አገር ያለ ነገር ነው፤ እኛ ግን ገድለን አይደለም።

ሽያጩ ሞቅ አለ። አንድ ጂፎርስ 6800 አልትራ ሲወጣ 500 ዶላር ገደማ ነበር፤ ሁለቱ 1,000 መሆናቸው ነው። ኤንቪዲያ ለዓመታት ኤስኤልአይን የፈቀደው በአብዛኛው የራሱ ቺፕ ባለበት ማዘርቦርድ ላይ ስለነበር እሱም ይገዛል። መብራት የሚያከፋፍለውም ሣጥን ይቀየራል። ተቀናቃኙ ኤቲአይ በ2005 ክሮስፋየርን አመጣ፤ በ2006 ኤኤምዲ ኤቲአይን ሲገዛው ክሮስፋየርም አብሮ ሄደ። በ2007 መጨረሻ ኤንቪዲያ ሦስት ካርድ ማገናኘት ይቻላል አለ። በዚያው ወቅት የወጣው ክራይሲስ የሚባለው ጌም ማንንም ኮምፒዩተር ያንበረክክ ስለነበር ምክንያቱ አልጠፋም።

ለእኛ ዕድሜ ሰው የተነገረው ስብከት ግን ሌላ ነበር፤ “አሁን አንድ ግዛ፣ ገንዘብ ስታገኝ ሌላ ትጨምርበታለህ።” ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው ተረት የገባበት ይመስላል፤ ብልህነት ይመስላል። በእኛ አስተያየት የዚህ ታሪክ ትልቁ ውሸት ይሄ ነው። ሁለተኛዋን የምትገዛበት ቀን ሲደርስ ሞዴሏ ከሱቅ ወጥታለች፤ የቀጣዩ ትውልድ አንዷ ካርድ ደግሞ የአሮጌዎቹን ጥንድ ሥራ ብቻዋን ትሠራለች። በ2006 መጨረሻ የወጣችው ጂፎርስ 8800 ጂቲኤክስ ከእሷ በፊት የነበሩትን ሁለት ምርጥ ካርዶች በብዙ ጌም ላይ ወይ እኩል ሆነች ወይ በለጠች። ለዚያውም በአነስተኛ መብራትና ያለ ጣጣ።

ጣጣው ምን ነበር? አዲሱ አሠራር መስመር መከፋፈል ትቶ ሙሉ ምስል መቀባበል ሆኖ ነበር፤ አንዷ ካርድ አንደኛውን ፍሬም፣ ሌላዋ ሁለተኛውን። በማኅሌት ቀኝና ግራ ቆመው እንደሚቀባበሉት መሪጌቶች። ይህ እንዲሆን ኩባንያው ለእያንዳንዱ ጌም የተዘጋጀ መመሪያ ድራይቨሩ ውስጥ መጨመር አለበት። ጌሙ ዛሬ ይወጣል፣ መመሪያው ከሳምንታት በኋላ፤ ወይም ጭራሹኑ አይመጣም። እስከዚያ ሁለተኛዋ ካርድ ሙቀት ከማምረት በቀር ሥራ የላትም።

ከዚህም የባሰ ነበረ። ብዙዎች “ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ዓይኔ ግን ደስ አላለውም” ይሉ ነበር፤ የሚሰማቸውም አልነበረም። በሴኮንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ በ16.7 ሚሊሴኮንድ ልዩነት ሲመጣ ነው። ሁለት ካርድ ሲቀባበሉ ግን አንዱ ፍሬም በ5 ሚሊሴኮንድ ይከተልና ቀጣዩ 28 ሊያስጠብቅ ይችላል። ሲደመር ያው 60 ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይሄንን ለማስረዳት አያስቸግርም፤ ሁለት ታክሲ ተከታትለው ይመጡና ከዚያ ድርግም ይላል። በሰዓት ያለፈውን ታክሲ ለሚቆጥር ሰው ችግር የለም፤ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ግን አለ።

ይህንን በቁጥር ያስቀመጠው ጋዜጠኛ ነው፤ ለሙያችን ስለምናደላ ጠበቅ አድርገን እንጽፈዋለን። ስኮት ዋሰን፣ ዘ ቴክ ሪፖርት በሚባለው ድረ ገጽ ላይ፣ በ2011 በሴኮንድ ስንት ፍሬም ብሎ መቁጠር እንደማይበቃ ጻፈ፤ እያንዳንዷ ፍሬም ስንት ሚሊሴኮንድ እንደፈጀች ለየብቻ ለክቶም አሳየ። ለዓመታት በግራፍ ሲወዳደሱ የነበሩት ጥንዶች ነገር አጠያያቂ ሆነ። በ2013 ኤንቪዲያ ከስክሪኑ መግቢያ ላይ ሆኖ ፍሬሞቹን የሚለካ ዘዴ አቀረበ (የራሱ ካርዶች ተሽለው እንደሚታዩ ሳያውቅ አይደለም)። በክሮስፋየር ከተቆጠሩት ፍሬሞች አንዳንዶቹ ስክሪን ላይ የሚታዩት ጥቂት መስመር ብቻ ሆነው ተገኙ። ተጫዋቹ የማያየው ፍሬም ሲቆጠርለት ኖሯል ማለት ነው። ኤኤምዲ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ማስተካከያ አወጣ። ዋሰን በኋላ ኤኤምዲ ቀጠረው፤ ከመወቀስ መቅጠር ይሻላል ሳይሉ አልቀሩም።

ፍጻሜው እንግዲህ ብዙ አያወራም። አዳዲሶቹ ጌሞች አሁን ያለውን ፍሬም ለመሳል ያለፈውን ፍሬም መልሰው ማየት ጀመሩ፤ ያለፈው ፍሬም ደግሞ ያለው ሌላዋ ካርድ ላይ ነው። መቀባበሉ መጠባበቅ ሆነ። በ2015 የመጣው ዳይሬክትኤክስ 12 የማገናኘቱን ሥራ ከካርድ አምራቹ ወደ ጌም ሠሪው አዛወረው። ሁለት ካርድ ላላቸው ጥቂት ሰዎች ብሎ ማን ይደክማል? በ2020 ከወጡት የኤንቪዲያ የጌም ካርዶች ማገናኛ የቀረላት 3090 ብቻ ሆነች። ከጥር 2021 ጀምሮ አዲስ መመሪያ እንደማይጨምር ኩባንያው አስታወቀ፤ በ2022 የወጣችው 4090 ላይ መሰኪያው ራሱ የለም።

አሁን ያዙልን ያልናችሁን ነገር መልሱልን። በ2012 ቶሮንቶ ውስጥ አሌክስ ክሪዤቭስኪ የሚባል ተማሪ ከኢሊያ ሱትስኬቨርና ከመምህራቸው ከጄፍሪ ሂንተን ጋር ኮምፒዩተር ፎቶ እንዲለይ ያስተምር ነበር። ፎቶዎቹ 1.2 ሚሊዮን ናቸው፤ ማሽኑም ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር ነው። ሞዴሉ አንድ ካርድ ላይ አልበቃ ሲለው ሁለት ጂፎርስ 580 ሰክቶ ግማሹን በአንዷ፣ ግማሹን በሌላዋ ላይ አስቀመጠ። የጌም ካርዶች ናቸው፤ እያንዳንዷ 3 ጊጋባይት። አምስት ስድስት ቀን ፈጀ። የዚያ ዓመቱን ውድድር በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፤ አሌክስኔት የሚሉት እሱ ነው። ጌም ላይ ቅጂ እየተቀመጠ ማስታወሻው አልደመር ያለው፣ እዚህ ሥራው ራሱ ለሁለት ስለተከፈለ ተደመረ፤ 3 እና 3 ስድስት ሆነ።

ዛሬ ያገለገሉ ሁለት 3090 የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ጌም ሊጫወቱ አይደለም፤ የቋንቋ ሞዴል ቤታቸው ሊያስኬዱ ነው፣ 24 እና 24 ጊጋባይት ለማግኘት። ለጥገና ቤቱ ልጅ ይሄንን ስንነግረው ቁልፉን አንስቶ ማገናኛዋን ገለባበጣት። “ይቺ ግን ለእነሱ አትሆንም” አለን፤ “የድሮዋ ናት።”