ዝቅተኛ ጭነት (የሞተር ድራይቭ ብልሽት)

ዝቅተኛ ጭነት በድራይቭ የሚሠራ ሞተር በሚዞርበት ፍጥነት ሊኖረው ከሚገባው በታች ጭነት ሲኖረው የሚታይ ማስጠንቀቂያ ወይም መቆም ነው። ድራይቭ (ኢንቨርተርም ይባላል) ከመስመር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ኃይል ወደ ቀጥተኛ ጅረት ቀይሮ፣ በሚፈለገው ድግግሞሽ መልሶ ተለዋዋጭ በማድረግ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው።

ጭነት ሲበዛ ሞተር እንደሚቃጠል ብዙዎች ያውቃሉ፤ የጭነት መቀነስ ግን እፎይታ ስለሚመስል ችላ ይባላል። በወፍጮ ወይም በማራገቢያ ላይ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰ ቺንጋ ነው፤ በዓይን ይታያል። አስቸጋሪው የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ነው።

== በጉድጓድ ፓምፕ ላይ ==

ውርጌሳና መርሳ የሚገኙበትን የሐብሩ ወረዳ በሚነካው የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተሳበ ለመስኖ ይውላል። እንዲህ ባለው ጉድጓድ ውስጥ የሚሰጥመው ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚያልፈው ውኃ ነው። ውኃው ካለቀ ሞተሩ ጭነት ሳይኖረው ይግላል፤ ድራይቩ ካላቆመውም ሊቃጠል ይችላል።

== ምርመራ ==

በጅረት መጠን ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ኢንዳክሽን ሞተር ባዶውን ሲዞር እንኳ መግነጢሳዊ መስኩን ለመፍጠር ከሙሉ ጅረቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ሊስብ ይችላል። ድራይቩ የሚያሳየው ኃይል (ኪሎዋት) የተሻለ ምስክር ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የግፊት መለኪያው ነው። ግፊቱ ከፍ ብሎ ውኃ ካልፈሰሰ ቫልቭ ተዘግቷል። ግፊቱ ወርዶ ጭነቱ ከዋዠቀ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፤ የጉድጓዱ የውኃ መጠን ይለካ። ጭነቱ በአንድ ጊዜ ወርዶ እዚያው ከቀረ የተሰበረ ዘንግ ይጠረጠራል። ፓምፑ ወጥቶ እንደገና ከተገጠመ በኋላ ችግሩ ከመጣ ደግሞ ወደ ኋላ እየዞረ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ኃይል ከተቋረጠና ድራይቩ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ከወጣ በኋላ በድራይቩ መውጫ በኩል ሁለት ሽቦዎችን ማቀያየር ነው፤ በመግቢያው በኩል ማቀያየር ለውጥ አያመጣም።

አንዳንዴ ብልሽቱ የሐሳብ ነው። የፓምፕ ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚወርድ በ40 ኸርዝ የሚፈለገው በ50 ኸርዝ ከሚፈለገው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለ50 ኸርዝ የተሞላ ወሰን ጤነኛውን ፓምፕ ያቆማል። ፍጥነቱ ከመጠን በላይ ከቀነሰ ግን ፓምፑ ውኃውን እስከ ላይ ማድረስ ስለሚያቅተው ማስጠንቀቂያው እውነተኛ ይሆናል።

ድራይቩ በራሱ እንዲነሣ ከተደረገ፣ የሚጠብቀው ጊዜ ጉድጓዱ ውኃውን መልሶ ከሚሞላበት ጊዜ ማነስ የለበትም።