ሶዲስ

ሶዲስ የመጠጥ ውሃን በጠራ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በተለምዶ በባዶ ሃይላንድ፣ ሞልቶ ፀሐይ ላይ በማዋል ተሕዋስያንን የመግደያ የቤት ውስጥ ዘዴ ነው። ከ2 ሊትር ያልበለጠ ጠርሙስ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተጋድሞ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆያል፤ ሰማዩ ከዳመነ ግን 2 ቀን ሙሉ። ድፍርስ ውሃ ጨረር ስለማያሳልፍ አስቀድሞ መጥለል አለበት። ዘዴው ኬሚካልን አያስወግድም።

ሐሳቡን ያስተዋወቁት የቤሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲው አፍቲም አክራ ሲሆኑ፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ኢዋግ አዳብሮታል። ውሃ በጄሪካን እየተገዛ በሚጠጣበት በናይሮቢው ኪቤራ መንደርም ተስፋፍቷል፤ ለማፍያ የሚወጣውን የከሰል ወጪ ማስቀረቱ ለድሃ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

አስቸጋሪው ልማዱን ማዝለቅ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በቦሊቪያ ገጠር የተደረገ ጥናት ውጤት ሲታተም፣ ብዙ ቤተሰቦች አዘውትረው እንዳልተጠቀሙበት፣ በሕፃናት ተቅማጥ ላይም አሳማኝ ቅናሽ እንዳልተገኘ ታውቋል። ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ ጠርሙስ መደርደሩ ይሰለቻል፤ እንዲህ ላለው ቤት ሽታው ባይወደድም ጄሪካን ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ክሎሪን ይቀላል።