ሚዛኑ የመዘነው ደምን ነው ወይስ ገበታን?

አሜሪካኖች በአንድ ወቅት ሰውን በክሳቱ ይጠረጥሩት ነበር። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንሄዳለን።) በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በኒውዮርክ ወደብ ኤሊስ በምትባለው ደሴት፣ ሐኪሞች ከመርከብ የወረደውን ስደተኛ አሰልፈው ያዩና ያላማራቸውን ልብሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል። ከሲታና ደረተ ጠባብ የሆነው «ሰውነቱ ደካማ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሠርቶ አያድርም ከተባለም ወደመጣበት ሊመለስ ይችላል። ሰውየው የከሳው በረሀብና በጉዞ ይሆን ብሎ ማን ጠየቀ? ክሳቱ ከዘሩ ነው የሚሉ ምሁራን ሞልተው ነበር።

ነገሩን በሜትርና በሚዛን ልፈትነው ብሎ የተነሣው ፍራንዝ ቦአስ ነው፤ ራሱም ከጀርመን የፈለሰ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር። ከ1908 ጀምሮ፣ ለምክር ቤቱ የስደተኞች ጉዳይ ኮሚሽን፣ ኒውዮርክ ውስጥ ወደ 18,000 የሚጠጉ ስደተኞችንና ልጆቻቸውን አስለካ። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ልጆች፣ በዚያ በተጣበበ ሰፈር እየኖሩ እንኳ፣ በቁመትም በክብደትም በልጠው ተገኙ። የደቡብ ኢጣሊያኖቹ ልጆች ግን አልቀናቸውም፤ እንዲያውም ጥቂት ወረድ አሉ። እኛን የሚገርመን ይኸኛው ነው። አሜሪካን የረገጠ ሁሉ አይፋፋም፤ እዚያም ቢሆን ኑሮው እንደ ሰዉ ይለያያል።

ታዲያ ምን ሆነ? ምንም! ኮሚሽኑ ጥናቱን ከ41 ጥራዞቹ ውስጥ ከተተና ስደተኛው ይቀነስ ብሎ ደመደመ። በ1924 የወጣው ሕግ ለየአገሩ የፈቀደው ኮታ፣ በ1890 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከተገኙት የዚያ አገር ተወላጆች 2 በመቶ ብቻ ነው። ለምን 1890? ያኔ ኢጣሊያኖቹና አይሁዶቹ ገና አልበዙማ!

ከዚያ ወዲህ የተገለበጠው ፍርዱ እንጂ ልዩነቱ አይደለም። በ2004 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከልክ በላይ የወፈሩት እዚያው ከተወለዱት ውስጥ 22 በመቶ ነበሩ፤ ከገቡ ዓመት ካልሞላቸው ስደተኞች 8 በመቶ፣ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆዩት ደግሞ 19 በመቶ። ስደተኛው ዛሬም ቀጠን ብሎ ይገባል፤ አሁን ግን በቅጥነቱ የሚቀናበት እንጂ በጠመኔ የሚያሰምርበት የለም። የሚያሠጋው እየቆየ አገሬውን መምሰሉ ሆኗል።

የኛም ሰዎች አልቀረላቸውም። በ1984–85 እና በ1991 ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አያውቃቸውም ነበር፤ ገበታቸው ሲለወጥ፣ እግራቸውም ከዳገቱ ሲያርፍ፣ ክብደቱም ስኳሩም ተከታትለው መጡ።